የአራተኛ ፎቅ ቅርጫቶች

የተማሪዎች ማደሪያችንን አራተኛ ፎቅ የሚያጸዱትን ሴትዮ «እማማ ቅርጫት» እንላቸው ነበር። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው፣ ከየአገሩ ለትምህርት የመጣን ተማሪዎች ነን። በየበራችን አጠገብ የሚቆመውን የቆሻሻ ቅርጫት ጠዋት ጠዋት ሲደፉ፣ ውስጡን ሳያዩ አያልፉም። «አንተ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ብስኩት ብቻ? ሆድህ ምን በደለህ?» ይሉናል። እንስቃለን። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሩቅ አግብታ ሄዳለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ወለል ሲወለውሉ ኖረዋል። ማን እንደበላ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ ከቅርጫት ያነቡታል።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ አንድ የሕክምና ተማሪ ነበር። እናቱ በስልክ «ዶክተሬ» ትለዋለች፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሰማለሁ። ፈተና ወድቋል፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። በየሳምንቱ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ፎቶ ይልክላታል። ስልኩን ሲዘጋ ያለቅሳል። እሱንም እሰማ ነበር። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ አጠናለሁ። እኔም ፈተና ነበረብኛ!

ምድር ቤት «የተማሪዎች ደኅንነት ቢሮ» የሚሉት አለ። ጎረቤቴ ከትምህርት ሲቀር አሥራ አንድ ኢሜይል ላኩለት። «እናስብልሃለን» ይላል። አንዱንም አልከፈተም። ከአልጋው መነሳት ያቃተው ሰው ኢሜይል ይከፍታል? ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ አራት ፎቅ የሚወጣ እግር ጠፋ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እማማ በሬን አንኳኩ።

«ጎረቤትህ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ።»

«ቅርጫቱ ሦስት ቀን ባዶ ነው። ልጣጭ የለ፣ ወረቀት የለ። ጫማው ግን ይኸው፣ በሩ ላይ።»

አንኳኩ፤ ተጣሩ። መልስ ሲጠፋ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መክፈት የተከለከለውን በር በያዙት ቁልፍ ከፈቱት። ልጁ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። እህልም ውሃም ከነካ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ አታገኙትም ነበር» አለን።

በሳምንቱ ደኅንነት ቢሮው እማማንም እኔንም ለጥያቄ ጠራን። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ኃላፊ «አንቺ» እያለ ያፋጥጣቸዋል።

«ማን ፈቅዶልሽ ከፈትሽ?»

«ቅርጫቱ ባዶ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሳቀባቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጎረቤቱ አንተ ነህ። የተለየ ነገር ሰምተሃል?»

ሰምቼ ዝም ማለቴ ቢታወቅ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ጣጣ ያመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። «ምንም አልሰማሁም» አልኩ። እማማ ቀና ብለው አዩኝና መሬት መሬት አዩ። የግድግዳውን ስስነት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

«ያለ በቂ ምክንያት በር ከፍታለች» ተብሎ ተጻፈባቸው። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አዛወሯቸው፤ አንድም ሰው ወደማያድርበት ሕንፃ! ቢሮውን እረግማለሁ፤ ግን ያቺን ወረቀት ያጻፈው የእኔው ምላስ ነው። ጎረቤቴን እናቱ መጥታ ወሰደችው።

ትናንት ከእማማ ጋር ግቢው በር ላይ ተገጣጠምን። ምነው በሰደቡኝ አልኩ። እሳቸው ግን ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«ከስተሃል። ትበላለህ፣ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

በእሳቸው ቦታ የመጣችው ጽዳት ሠራተኛ ቅርጫት አታይም። የእኔው ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ነው።