የልጄ ባልና የተራዘመው ምርጫ

በ2010 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ የባሕር ዳር ሙቀት በበረታበት ወር፣ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወንድ ነው። ማርያም ማረችልን።

ባሏ በሰዓቱ አልነበረም። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነው፤ ተማሪዎቹን የኃይል ማመንጫውን ሊያሳይ ጢስ ዓባይ ወርዶ ነበር። ምጡ ከታሰበው ቀን ቀድሞ መጣ። ደጋግመን ብንደውልም ስልኩ አልሠራ አለ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ሕፃኑ ታጥቦ፣ ጠብቶ፣ ተኝቷል። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ነገርሁት። አንደኛውን ጫማ እንዳደረገ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ክርስትናውን ግን አላጣም፣ እማማ" አለኝ። "እሱን በምንም አላጣም።"

አገሩ ይርጋለም ነው። ተመድቦ ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ አንድ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። አባቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ ነው፤ ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ልጄን ካገባ ጀምሮ በግቢዬ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። ጧት ወደ ሥራ ሲወጣ መስኮቴን በጣቱ መታ ያደርጋል፤ "ደኅና ዋሉ" ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ አማች ስለ ሰጠኝ አምላኬን ሳላመሰግን የዋልሁበት ቀን የለም።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በዐርባ ቀኑ ነው። በጣቴ ቆጠርሁ። ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው እሑድ ላይ ዋለ። ደስ አለን፤ ለእናቱም ተደወለላቸው።

በዚያ ዓመት የከተማውና የቀበሌው ምክር ቤት ምርጫ ይደረጋል ይባል ነበር። የቀበሌያችን ሰዎች ሰብስበውን ቀኑን ነገሩን፤ ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው እሑድ። ቀኑ ከላይ ያልታወጀ፣ እነሱው በግምት ያወሩት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን እንደ ተቆረጠ ነገር ያዝነው።

በሳምንቱ የልጄ ባል ደብዳቤ ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጄ ሕፃኑን እንደ ታቀፈች አነበበችው። የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ እንዲሆን ታጭቷል።

"የትኛው እሑድ?" አለችው።

"ያው እሑድ።"

"ጥቂት ወጣ ብለህ ደርሰህ አትመለስም?"

"ጎሕ ሳይቀድ ገብቶ፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ከዚያ መውጣት የለም።"

"ስንት መምህር ባለበት አገር ለምን አንተ?"

"ዘመድ የለህም፣ ስለዚህ ለማንም አታዳላም አሉኝ" ብሎ ሣቀ። እኛ አልሣቅንም።

ልጄ ቄሱን ለምነን በሳምንት እናዘግየው አለችኝ። ዐርባ ዐርባ ነው አልኋት። እሱም ከኃላፊነቱ ልውረድ ብሎ የሚለምን ሰው አይደለም። "አደራ ነው" አለ፤ በዚያው ዘጋው።

ያን ምሽት ስጸልይ ያ ቃል ጸሎቴን ያቋርጠኝ ነበር። ዘመድ የለህም። እንዴት እንዲህ ይባላል?

ዓርብ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ቀበሌ ሄድሁ። የስም ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው የጽዋ ማኅበርተኛዬ ልጅ ነው፤ ሲያድግ አይቼዋለሁ። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ።

"እናቴ! ምን እግር ጣለዎት?"

"ስለ ልጄ ባል ነው። ዘመድ የለውም ብላችሁ ጻፋችሁት አሉ።"

"ለዚህማ ነው የወደድነው! አጎት የለው፣ አክስት የለው። እኛ እኮ እርስ በርስ ተዛምደን ተዛምደን ማን ማንን እንደሚታዘብ ጠፋን።"

"ዘመድ አለው።"

"ማን?"

"እኔ።"

ሣቀ። "እርስዎማ አማቱ ነዎት። አማት ዘመድ ትባላለች?"

በሚቀጥለው ጠረጴዛ የምትጽፈው ሴት ቀና አለች። "እስኪ ይህንኑ ዛሬ ለሚስትህ እናት ንገራትና እራት የሚያቀርብልህ ሲገኝ እናያለን" አለችው።

እኔም ቀጠልሁ። "ለቀበሌው ምክር ቤት ከሚወዳደሩት አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ለእኔ ወንድሜ ነው፤ ለልጄ አጎቷ ነው። ለባሏም እንደዚያው።"

ሣቁ ቆመ። ዝርዝሩን ገለጠ። "ይህን እስከ ዛሬ የነገረን የለም!" አለና ማስመሪያ አስደግፎ ስሙን ሰረዘ። በጎኑ 'የተወዳዳሪ ዘመድ' ብሎ ጻፈ።

ውሸት አልተናገርሁም። በመመለሻዬ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሻማ አበራሁ። ለሰው ግን አልነገርሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የልጄ ባል ፊቱ ጠቁሮ ገባ። "ሰርዘውኛል" አለ። ምክንያቱን አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ልጄ "እሰይ! እንኳን!" ብላ እልል አለች። እሱ ፈገግ ብሎላት ወደ ጓዳ ገባ። "አምነውኝ ነበር፤ ምን አጥፍቼ ይሆን?" ብሎ ለራሱ ሲናገር ሰማሁት። በዚያ ሰሞን መስኮቴን መምታቱን አልተወም፤ ጨዋታው ግን ቀነሰ። ዝምታ ልማዴ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረኝም።

ፋሲካ አልፎ ምርጫው ለሚቀጥለው ዓመት መተላለፉን በሬዲዮ ሰማን። በታክሲውም በገበያውም ወሬው እሱ ነበር። ገሚሱ ተናደደ፣ ገሚሱ ቀድሞም አላመነም ነበር። ልጄ እያጠባች "እማዬ፣ እንግዲህ ባይሰርዙትም ኖሮ ክርስትናው አያመልጠውም ነበር ማለት ነው" አለችኝ። አዎ አልኋት። አምላክ በራሱ መንገድ ሊያደርገው ያለውን እኔ ቸኩዬ የሰው ስም በማስመሪያ አሰረዝሁበት።

ክርስትናው ሲቃረብ እናቱ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው ገቡ፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ባለው ደብራችን ተገኘን። የልጄ ባል ጧፍ ይዞ ከሕፃኑ ክርስትና አባት ጎን ቆመ። ቄሱ ሕፃኑን ውኃው ውስጥ ሲነክሩት ልጁ ጮኸ፤ አባትየው እንባና ሣቅ ተደባለቀበት። ጧፉ እጁ ላይ ሲንጠባጠብ አልታወቀውም። ይህን ስላሳየኝ ስሙ ይክበር።

ከቅዳሴ በኋላ እናቱና እኔ ከግቢው ወጥተን ጣናን እያየን ተቀመጥን። እንዲህ አሉኝ።

"ያን ደብዳቤ በስልክ አንብቦልኝ ነበር። 'እማ፣ የሰው አገር ሰው አምኖ ኃላፊ አደረገኝ' አለኝ። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ኋላ ለምን እንደነሱት ግን አልነገረኝም።"

እጃቸውን ያዝሁ።

እንግዳው ሲሸኝ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ የልጄን ባል ግቢው ውስጥ ለብቻው አገኘሁት። ወንበር እየሰበሰበ ነበር።

"ያሰረዝሁህ እኔ ነኝ" አልሁት።

ወንበሩን አስቀመጠ። ሁሉንም ነገርሁት።

"ታዲያ ዝርዝሩ ላይ ምን ብለው ጻፉ?" አለ።

"የተወዳዳሪ ዘመድ።"

"ዘመድ? እኔ?"

"አንተ።"

ሣቁ ሕፃኑን ቀሰቀሰው። ልጄ ከውስጥ ጮኸችብን። "እንኳን ሰረዙኝ፣ እማማ!" እያለ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አቆምሁት። ይቅር ብሎኛል። ለይርጋለም ጎረቤቶች የተወራለት ኃላፊነት ግን በይቅርታ ብቻ አይመለስም።

በማግስቱ ኪዳን አድርሼ ቀበሌ ሄድሁ። ገና አልተከፈተም፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ሰው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ።

"እናቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያሰርዙ ነው? ምርጫው እንደሁ የለም!"

"ሲመጣ ይመጣል። የልጄን ባል ዘንዘልማ ቀበሌ ለምርጫ ጣቢያ ኃላፊነት ጻፍልኝ። እዚያ የሚወዳደር ዘመድ የለንም።"

"አንድ ዓመት ቀርቶት? ለዚያውም ሌላ ቀበሌ?"

"ስሙን ያዝና ለዚያኞቹ አሳልፍልኝ። የሰው ድምፅ የማይነካ ሰው ነው በልና ጻፍ።"

ከፍቶ ሲገባ ተከትዬው ገባሁ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ብዕሩን እስኪያነሣ ቆምሁ።