ያልተጠየቁት ምስክር

አባቴ ከአዲስ አበባ እኔ ዘንድ የመጡት በፈረንጆቹ 2008 ገደማ ነው። ያኔ ጀርመን አገር፣ ቦናመስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ከልጄ ጋር እኖር ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት በፖሊስ መርማሪነት ነው። ጀርመንኛ አያውቁም። እሑድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ የድሮ የፈረንሳይ ወንጀል ፊልሞችን በጀርመንኛ ድምፅ ሲያሳይ ግን ከሶፋው የሚያነሳቸው አልነበረም።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እተረጉምላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊልሞቹ ያናድዱኝ ነበር። ዝናብ፣ ባርኔጣ፣ ሲጋራ፤ ዝምተኛ ነጭ ወንድ ሌላ ዝምተኛ ነጭ ወንድ ያሳድዳል። ጥቁር ሰው ብቅ ካለ ወይ ከበሮ ይመታል ወይ በር ይከፍታል። የሰሜን አፍሪካ ሰው ከሆነ ደግሞ ኦቾሎኒ ይሸጣል፣ አለዚያም ቢላ ይዞ ይሸሻል። ስም የላቸውም።

አባባ ግን ዓይናቸው እነሱ ላይ ነበር። አንድ እሑድ፣ የምሽት ክበብ በር ላይ የቆመ ጥቁር ሰው ደም የነካውን ካፖርት ከገዳዩ እጅ ሲቀበል አየን። ኢንስፔክተሩ መጣና አልፎት ገባ።

“ጠይቀው እንጂ!” ብለው ጮኹ አባባ። “ምርመራ የሚጀመረው ከዘበኛው ነው!”

“አባባ፣ እሱ እኮ ለማድመቂያ ነው የቆመው” አልኳቸው እየሳቅሁ።

“ሁሉንም አይቷል” አሉና እስኪጠየቅ እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ማንም አልጠየቀውም። ፊልሙን የጻፈው ሰው፣ ያ በረኛ ዓይን እንዳለው ያሰበ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ከሕንፃችን ሥር የቆሙ ሞተር ብስክሌቶችን አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ አቃጠላቸው። አባባ ከበረንዳ ሆነው አይተው ነበር። ፖሊሶች በየቤቱ እየዞሩ እንደሚጠይቁ ልጄ ስትነግራቸው ጢማቸውን ተላጩ፣ ሙሉ ልብስ ለበሱ፣ ከረባታቸውን አሰሩ፣ ከዚያም ወንበር ስበው ከበሩ ትይዩ ተቀመጡ። እኔ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነበርኩ።

በሩን የከፈተችው ልጄ ናት። ፖሊሱ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው እንዳለ ጠየቃት።

“ኦፓ ብቻ ነው። ጀርመንኛ አይችልም” አለችው በጀርመንኛ፤ አያቷን ማለቷ ነው።

ፖሊሱ አባባን በትሕትና ሰላም ብሎ ወደ ጎረቤት ሄደ። በልጄ አልፈርድም፤ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

ስመለስ አባባ ከነከረባታቸው እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ልጄ የሆነውን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

“ነገውኑ ቀጠሮ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ምን አዩ አባባ? እስቲ ይንገሩኝ።”

ከረባታቸውን ቀስ ብለው ፈቱ።

“ተይው ልጄ። እነሱ ቢጠይቁኝ ለጉዳዩ ብለው ነበር። አንቺ የምትጠይቂኝ እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው።”

ደጋግሜ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ካረፉ ዓመታት አለፉ። ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ አላውቅም።