በእግሬ ውስጥ የተኙት

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ ያን የእግርሽን ነገር ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሱኝ፤ የእግሬም አመል እንደዚያው ነው።

ቤቴ አንኮበር ነው። መኪና እያለም ቁልቁለቱን በእግሬ ወርጄ አልዩ አምባ ገበያ መዋል ደስ ይለኛል። እዚያ ከልጅነቴ የማውቃት ነጋዴ ወዳጅ አለችኝ፤ ስታየኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ይቺ ዟሪ ዛሬም መጣች!» ትላለች። ታዲያ አንድ ክረምት ደጄ ላይ ጭቃው አዳለጠኝና ቅልጥሜ ተሰበረ። ወንዱ ልጄ ደብረ ብርሃን ወሰደኝ፤ ሆስፒታል ጀሶ አሰሩልኝና እሱ ቤት፣ ፎቅ ላይ፣ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቶቹ ከየአገሩ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ደግ ሰዎች ናቸው፤ መሬቱ ግን ሩቅ ነው። በመስኮት ባጃጅ ሳይ እውላለሁ። እጄ እንዳይቦዝን ብለው ከጣርማ በር በኩል የመጣ የበግ ጠጉር ገዙልኝና እሱን እፈትል ነበር።

ጀሶው የተፈታ ዕለት ሁለቱን እግሮቼን ዘርግቼ አየኋቸው። አንደኛው የእኔ ነው። ሌላኛው የማን እንደሆነ እንጃ፤ ባቱ ሟሙቶ እንዝርት አክሏል። ልቁም ብል ተብረከረከ። ልጄ ደግፎ አስቀመጠኝና «እማዬ፣ ከእንግዲህ አንኮበር የሚባል ነገር የለም። እግርሽን ሰብስበሽ እዚሁ ተቀመጪ፤ ቤቱን እናከራየዋለን» አለ። ክፋት የለበትም፣ ስለሚወደኝ ነው። ፍቅሩ ግን እንደ ጀሶው ጠንካራ ነበር።

ያን ጊዜ ሴት ልጁ፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰውነት አሠራር የምትማረው፣ አጠገቤ ተቀምጣ ባቴን ዳሰሰችና «እምዬ፣ አትፍሪ። እዚህ ውስጥ የተኙ ህዋሶች አሉ» አለችኝ።

አፏን በእጄ ከደንኩት። «ዝም በይ! ሰው ቢሰማሽስ? በእኔ እግር ውስጥ ደግሞ ምን የሚሉት ህዋስ ነው?»

እኔ በወጣትነቴ የማውቀው ህዋስ ሌላ ነዋ። በደርግ ጊዜ ተደብቀው የሚሰበሰቡት ወጣቶች ነበሩ ህዋስ የሚባሉት፤ ቃሉ የተሰማበት ቤት እንቅልፍ አልነበረውም። ልጅቱ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ነገሩ የገባው አባቷ ግን በሳቅ ፈረሰ።

«እማዬ፣ ህዋስ ከተገኘብሽማ ለቀበሌ መጠቆሜ ነው!»

«አንተ ደግሞ፣ ወዲያ!» አልኩት፤ እኔም ሳቄ መጣ።

«የሰውነት ቅንጣት ማለቴ እኮ ነው» አለች ልጅቱ። ከሙዳዩ አንድ እፍኝ ጠጉር አነሳች። «ይሄ ክር የሚሆነው እንዴት ነው?»

«ይባዘታል፣ ከዚያ እየቀጠልኩ እፈትለዋለሁ።»

«ጡንቻም እንዲያ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ትንንሽ ህዋሶች ናቸው። በውስጣቸው ‹ጡንቻ ሁኑ› ብሎ የሚያዝ ፕሮቲን ሲነሳ ይረዝማሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ይነካካሉ። ከዚያ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርስና ብዙው አንድ ረጅም ክር ይሆናል። የእያንዳንዳቸው አስኳል ብቻ በክሩ ውስጥ ይቀራል።»

ፈትል ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ። የእኔን ክር ብትፈታው ጠጉሩ ያው ጠጉር ነው። ያኛው ግን አንዴ አንድ ከሆነ አይፈታም። ደግሞ የሚያከርረው እጅ የለ፣ እንዝርት የለ! በክሩ ውስጥ ቀጫጭንና ወፈር ያሉ ገመዶች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ወፍራሙ ቀጭኑን እየሳበ እንደሚጎትተው ስትነግረኝ ጣቴን አጥፌ ዘረጋሁ፤ አጥፌ ዘረጋሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄ ሁሉ ሠራተኛ ኖሮኝ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም።

«ጀሶ ውስጥ ሥራ ሲፈታ ክርሽ ቀጠነ እንጂ አልተበጠሰም» አለች። «የተኙት ከክሩ ጎን ተለጥፈው ነው ያሉት። ጡንቻው ሲሠራና ትንሽ ሲጎዳ ይነቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ከክሩ ጋር ይዋሃዳሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ለሌላ ቀን ተመልሰው ይተኛሉ።»

ሐኪሙም አጥንቱ ገጥሟል፣ ተንቀሳቀሺ ብሎ ነበር። ልጅቱ እጄን ይዛኝ ከዱካው እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ግድግዳ ተደግፌ በጣቶቼ እቆማለሁ። ጨው በጨርቅ ቋጥራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታስርልኝና እግሬን አነሳለሁ።

«ልጄ፣ ቆረጠመኝ እኮ!»

«ነቅተዋላ!» ትልና ባቴን እንደ በር ታንኳኳለች። «እናንተ፣ ነጋ! ተነሱ!»

ልጄ ሲያየን ሰነበተና «ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወርደሽ ከወጣሽ፣ እኔው ራሴ አንኮበር አደርስሻለሁ» አለ። አትችልም ብሎ ነው።

አንድ ውርጭ የጣለበት ጠዋት ወረድኩ። ምድሩን ረገጥኩና ዞርኩ። ስወጣ ጎረቤቶቹ በራቸውን ከፍተው «አይዞሽ እማማ!» ይሉኛል። ምንም ሳልደገፍ ደረስኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ባቴን ባቴን አየና «ጋቢሽን ያዢ» አለኝ። ቃሉን ጠብቆ አንኮበር አደረሰኝ።

አልዩ አምባ እስክወርድ ብዙ ቆየሁ። ወዳጄ እግሬን ጨበጥ አድርጋ «ምን አብልተሽው ነው እንዲህ የሞላው?» ብትለኝ «ቀስቅሼው ነው» አልኳት።

አንዱን ነገር ግን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያቺው የልጅ ልጄ አግብታ፣ ነፍሰ ጡር ሆና አንኮበር መጣች። ቁልቁለቱን ቁልቁል እያየን ደጃፌ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሆዷን እየዳበሰች ነገረችኝ። ለካ የእግር ጡንቻ እግር ውስጥ አይጀመርም። ፅንሱ ገና እግሩ እንደ ቡቃያ ብቅ ሲል፣ ጡንቻ የሚሆኑት ህዋሶች ከጀርባው ግራና ቀኝ ተነስተው፣ በሌላው አካል መሃል እያቋረጡ፣ እስከዚያ ድረስ ይጓዛሉ። እኔ ፎቅ ላይ የቀሰቀስኳቸውም የእነዚያ መንገደኞች ዘር ናቸው።