ከእናንተ ጠንከር ያለው ማነው?

የጤና ባለሙያ የነበረ ሰው ማከም አልወድም። ይህን የማያውቅ የክሊኒካችን ሠራተኛ ስለሌለ፣ ካርድ ክፍሎቹ እየተሳሳቁ እኔ ጋ ይልኩልኛል። አንድ ጡረታ የወጣ የአምቡላንስ ሾፌር አለ፤ ግፊቱን ስለካው ቁጥሩን ከእኔ ቀድሞ ጮክ ብሎ ያነባል። ማደንዘዣ ትሰጥ የነበረች አንዲት ሴትዮ ደግሞ መድኃኒቷን ራሷ መርጣ ትመጣና «አንቺ ፈርሚልኝ ብቻ» ትለኛለች። በቃ፣ ገመናችንን ያውቃሉ። ለሌላው በሽተኛ የምናሳየው ፊት ለእነሱ አይሠራም።

ሲስተር የመጡት ካዛንቺስ ፈርሶ፣ አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ወደ ከተማው ዳር ከሄዱ በኋላ ነው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው ቤታቸው ከልጃቸው ጋር በታክሲ መጡ። እኔ ተማሪ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ስገባ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነበሩ። መርፌ አያያዝ ሌላ ሰው ነው ያስተማረኝ፤ መርዶ መናገር ግን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ሰው እጃችን ላይ ካረፈ፣ ኮሪደር ላይ ለሚጠብቀው ቤተሰብ በጅምላ አይነገርም። ሲስተር በሩን ገርበብ ያደርጉና «ከእናንተ ጠንከር ያለው ማነው?» ይላሉ። አንዱ ይነሳል። እሱን ብቻ አስገብተው ይነግሩታል፤ ለሌሎቹ ማድረስ የእሱ ፈንታ ነው። ያኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር። እኔም ሐኪም ከሆንኩ ጀምሮ ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

የሲስተር ዓይን ቢጫ ሆኗል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ልጃቸው ሠላሳ የሞላት የባንክ ሠራተኛ ናት፤ «እማዬ ጨጓራ ነው እያለች ታሾፍብኛለች፣ ዶክተር፤ እባክዎ በደንብ ይዩልኝ» አለችኝ። ሲቲ ስካን አዘዝኩ። ውጤቱ የመጣ ቀን ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት፤ የቆሽት ካንሰር፣ ጉበት ላይ የደረሰ። ማለቴ፣ ሕመም ከማስታገስ በቀር የምናደርግላቸው ነገር አልነበረም። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላስብ በሩን ከፈትኩና፣ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን እናትና ልጅ አየት አድርጌ፣

«ከእናንተ ጠንከር ያለው ማነው?» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሳቸውን ጥያቄ፣ በእሳቸው ድምፅ፣ ለራሳቸው ጠየቅኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ምንም ሳይገባት «እኔ» ብላ ብድግ አለች። ሲስተር ክንዷን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«ቁጭ በይ፤ እኔ ነኝ» አሉና ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ» አሉኝ። «ለእኔም?»

ነገርኳቸው። አላለቀሱም። ስንት ጊዜ እንደቀራቸውም አልጠየቁኝም። ማውራት የጀመሩት ከኮሪደር እየጠሩ ስላስገቧቸው ሰዎች ነው። ቡልጋሪያ ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ዛሬም ያዩአቸዋል። የእህቷን ጫማ በፌስታል ይዛ የቆመች ሴት አለች። ሚስቱ ማረፏን ሲነግሩት «እሺ» ብሎ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ የወጣ ሽማግሌም አለ። ጠጋ ሲሉ ሌላ ሰው ሆኖ ያገኙታል።

«የሞቱት አይመጡብኝም» አሉኝ። «እነሱን ገንዤ ሸኝቻለሁ። የሚመጡብኝ ጠንካሮቹ ናቸው። ያላለቀሰውን እየመረጥኩ ጫንኩበት። አንዱን እንኳ፣ አንተስ እንዴት ሆንክ ብዬ አልጠየቅኩም።»

«ሥራችን ነው እኮ፣ ሲስተር» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

«እንግዲህ ይህን ሥራ በልጄ ላይ አልሠራም። ጠጠር ነው በያት። ሆድሽ ይፍጀው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒቱስ የታለና። ምስጢሩ የበሽተኛዋ ነው፤ ያለፈቃዳቸው መናገር አልችልም። ግን አንድ ቃል እንኳ ተከራክሬ ለልጃቸው እንዲነግሯት ብለምናቸው ምን ነበረበት? እውነቱን ለመናገር ፈራኋቸው። ድሮም እፈራቸው ነበር።

ልጅቷን ጠርቼ ጠጠር ነው አልኳት። «ተመስገን» ብላ የእናቷን ጉንጭ ሳመች። ሲስተር ከጀርባዋ ሆነው እኔን ያዩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ «ዶክተር፣ ይሄ ጠጠር ለምን አይወጣላትም?» እኔም ዕድሜያቸው ለኦፕሬሽን አይመችም፣ ትንሽ እንጠብቅ እያልኩ ውሸቴን አሳደግኩት። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ራሴን እጠላው ነበር።

ሲስተር መንፈቅ ሳይሞላ አረፉ። ልጅቷ ከአርባቸው በኋላ ጥቁር ለብሳ ክሊኒክ መጣች። የሲቲ ስካኑን ወረቀት ከእናቷ ፍራሽ ሥር አግኝታዋለች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አንቱታውን ትታዋለች።

«ታውቂ ነበር» አለችኝ።

«አውቅ ነበር። እንዳልነግርሽ ለምነውኝ ነው።»

«እሺ፣ እሷስ እናቴ ናት። አንቺ ምኔ ነሽ ዝም የምትይው?»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከወንበሩ ሳትነሳ ቆየች። በር ላይ በሽተኞች እየጠበቁኝ ነው።

«ያረፈችበት ቀን» አለች፣ «ጠዋት ለሥራ ስለባብስ፣ ዛሬ ከሥራ ብትቀሪስ አለችኝ። እማዬ ከሥራ ቅሪ ብላኝ አታውቅም። ለጠጠር ተብሎ ከሥራ ይቀራል እንዴ ብያት፣ ስቄባት ወጣሁ።»