ቀንዷ ዛላ በርበሬ የሆነ ላም

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ሆቴል ሲመረቅ ተጠርቼ ሄድኩና መሀል ጠረጴዛው ላይ አንበሳ ጉብ ብሎ አየሁ። ከአይብ የተቀረጸ አንበሳ! ቢጫ የፈረንጅ አይብ ነው፤ ጎፈሩ ሳይቀር አንድ በአንድ ወጥቶለታል። ቀራጩ ወጣት አጠገቡ ቆሞ ፈገግ ይላል፣ ሰው በስልኩ ያነሳል። እኔ ግን የታየችኝ ሌላ ናት፤ ቀንዷ ከዛላ በርበሬ የተሠራ አንዲት ነጭ ላም። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። ትየኝ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን መርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ነበር። እናቴ የሞተችው ሰባት ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ በሁለተኛው ዓመት እትዬ ሙሉን አገባ። እትዬ ሙሉ ቅቤና አይብ ነጋዴ ናት። ክፉ እንጀራ እናት ነበረች እንዳትሉኝ፣ ኧረ በፍጹም! ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ሲያመኝ አዝላኝ ጤና ጣቢያ የምትሮጠው እሷ። እኔ ግን "እማዬ" የሚለው ቃል የሌላ ሰው ነው ብዬ እንደ ጎረቤት "እትዬ" እያልኩ አንቱ እላት ነበር። እልኸኛ ነበርኩ። እሷም አንድ ቀን እንዲህ በይኝ ብላኝ አታውቅም።

ትምህርት ቤት የወጣልኝ ስም "አጓት" ነው። ልብሴም ደብተሬም ቅቤ ቅቤ ስለሚል አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ጥግ ይይዛል። ቂሜን የምወጣው በማን ላይ መሰላችሁ? በእትዬ ሙሉ። ጠዋት ስትሸኘኝ ገና የትምህርት ቤቱ በር ሳይታይ "በቃ፣ ከዚህ ይመለሱ" እላታለሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ትመለሳለች።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከበርበሬ በረንዳ የተገዛ ቁንዶ በርበሬ በፈረንጅ መጽሔት ተጠቅልሎ መጣ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰውዬ ከግዙፍ አይብ ፈረስ ይቀርጻል። ገጹን በእጄ ተኩሼ ደብተሬ ውስጥ ደበቅኩት። በዚያው ሰሞን መምህራችን ለሰኔው የወላጆች በዓል የእጅ ሥራ የሚያመጣ ማነው ሲሉ አፌ ቀደመኝ፤ "እኛ ቤት ከአይብ ላም ይሠራል!" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አይብ ተፈርፍሮ የሚበላ ነገር፣ እንኳን ላም ሊሆን እፍኝ ውስጥም አይቆምም። መምህሩ ግን ስሜን መዘገቡ። አለቀልኝ አልኩ። ካልተሠራ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ማንም አይለቀኝም።

ገጹን ሳሳያት እትዬ ሙሉ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። "የእነሱ እኮ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። የኛ..." ብላ ጀመረችና ዓይኔን አይታ ተወችው። "በይ እንሞክራታለን" አለች።

ጊዜው የሰኔ ጾም ነበር። ብዙ ሰው አይይዘውም፤ እሷ ግን አጥብቃ ትይዘዋለች፣ እኔም ያን ዓመት ካልጾምኩ ብዬ አስቸግሬ ይዤ ነበር። በጾም እትዬ ሙሉ እንኳን ልትቀምስ ጣቷን አትልስም። አይቧን በማሽተትና በእጇ ነው የምታውቀው፣ ተሳስታም አታውቅም። የዚያን ቀን አይቡን አሽታ ስትጨርስ ደንበኛ ጠራትና ወጣች። እኔ ደግሞ ጨው የረሳች መሰለኝ። ልርዳት ብዬ በእፍኜ ጨመርኩ፤ አነሰ መሰለኝና ደገምኩ። እንዳልቀምሰው ጾም ነው፤ እንዳልጠይቃት ጎበዝ መባል ፈለግኩ። ተመልሳ በነጠላ ቁራጭ ጠቀለለችውና የወፍጮውን መጅ ጫነችበት።

በሦስተኛው ቀን ስንፈታው ውሃው ሁሉ ወርዶ አይቡ ቢላ የሚቀበል ሆኗል። "ምን ነካው ይሄ!" ብላ ተገረመች። ቅዳሜ ጠዋት ሱቋ ደጃፍ ላይ በቢላና በሻይ ማንኪያ ትቀርጸው ጀመር። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን እያወረዱ ከበቧት። አንዱ "እትዬ ሙሉ፣ ጡቷን እንዳይረሷት! ኋላ ምን ሊሸጡ ነው?" ሲላት እየሳቀች ጡት አወጣችላት። ቀንዶቹ ግን ሁለቴ ተሰበሩ። በመጨረሻ ሁለት ዛላ በርበሬ ሰካችላት፤ ዓይኖቿ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ሆኑ። በሕይወቴ እንደዚያች ላም ያማረ ነገር አላየሁም።

እሁድ ሳህኑን ይዛልኝ ስንሄድ የተለመደው ቦታ ጋ ራሷ ቆመች። "በይ ይዘሽ ግቢ" አለችኝ። አፈርኩ። "ይከብደኛል፣ ይግቡ" አልኳት፤ ያን ያህል አይከብድም ነበር።

ያ ሁሉ ሲስቅብኝ የነበረ ልጅ ላሟን ሲያይ አፉን ከፈተ። ሰው ተሰበሰበ፤ ከእትዬ ሙሉ ደንበኞችም ግማሾቹ እዚያው ነበሩ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ "እኔን ጾም አይከለክለኝ" ብለው ከላሟ ዳሌ ቆረስ አድርገው ጎረሱ። ወዲያው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ው... ውሃ!" ከኋላ አንዲት ሴት "አይብ ነጋዴ ሆና ጨው አታውቅም እንዴ?" ስትል ሰማሁ። ጉርምርምታው በዛ። መርካቶ ውስጥ የነጋዴ ስም አንዴ ከተበላሸ ማን ይመልሰዋል?

እትዬ ሙሉ ወደ እኔ አየች። የጨው ዕቃው መጉደሉን አይታ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። አንገቷን ደፍታ "የኔ ጥፋት ነው ሐጂ፣ ጾም ሆኖብኝ ሳልቀምሰው ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች።

ምን እንደምል ሳላውቅ ጮህኩ፤ "እማዬ አይደለችም ያጠፋችው! እኔ ነኝ! እሷ ጨምራ ሳለ ደግሜ የጨመርኩት እኔ ነኝ!"

ሰዉ ሁሉ የሰማው ስለ ጨው ነው። እሷ የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ መሆኑን ፊቷ ላይ አየሁት። ሐጂ ውሃቸውን ጨርሰው መሳቅ ጀመሩ። "እኔ ደግሞ አይብ እንዴት ቆመ እያልኩ! ለካ ላሟን ቀጥ ያደረጋት ጨው ኖሯል!" አሉ። ሁሉም አብሮ ሳቀ፤ እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት "አጓት" የሚለኝ ጠፋ። "ጨው" አሉኝ። ደስ እያለኝ አቤት እል ነበር።

ዛሬ አይብ የሚቀርጽ ሰው ነጭ ኮፍያ አድርጎ ይጨበጨብለታል፤ ይገባዋልም። የእኔዋ ቀራጭ በሻይ ማንኪያና በመጅ ነው የሠራችው፣ ያውም አንቱ እያለች ከመንገድ ለምትመልሳት ልጅ። ስንት ነገር እንደዋጠችልኝ ሳስበው ምስጋናዬ ከየት እንደሚጀመር ይጠፋኛል።

ከሆቴሉ ስወጣ ከአንበሳው ጭራ ትንሽ ለምኜ በሶፍት ጠቀለልኩና በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀኑን ነው። "ሐሙስ ነው እማዬ፣ ጾም አይደለም" አልኳት። አሸተተችው፣ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፣ ከዚያ ቀመሰችው።

"ጨው አንሶታል" አለችኝ ፈገግ ብላ። "አንድ ሰው ብቻ ነው የጨመረበት።"