አስጎብኚው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ አስጎብኚ ነው። ከተማችን ዕድሜ ጠገብ ገበያ አላት፤ ቅስት በቅስት የተያያዘ የድንጋይ መተላለፊያ፣ የድሮ እህል መመዘኛ ቤት፣ ከዚያም በደረጃ የሚወጣበት የቅጥር አናት። እዚያ አናት ላይ ሆኖ ወንዙን፣ የፍራፍሬ እርሻውንና ከማዶ ያሉትን ኮረብቶች ያየ ሰው ፎቶ ሳያነሳ አይወርድም። እኔ ከደረጃው ሥር ባርኔጣ እሸጣለሁ። ጎብኚ ባርኔጣ ትዝ የሚለው ፀሐይ አናቱን ሲመታው ነው፤ ስለዚህ ቦታዬን በማንም አልለውጥም።

ወንድሜን ገበያተኛው «ሬዲዮ» ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። ይህ ሰው ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። መጀመሪያ የአውቶቡስ ታርጋ ማንበብ አቃተው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት መለየት። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው «ዓይኔ ምን ሆነና? ማንኪያ አፍንጫዬ ውስጥ ስከት አይተሽኛል?» ይለኛል። ግትርነቱ ያቃጥለኛል። የሚፈራውን ግን አውቃለሁ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁ እሷ ወደምትኖርበት ከተማ ልትወስደው ትጨቀጭቀዋለች። ዓይኑ መድከሙን ካወቀች ደግሞ ጭቅጭቁ ያበቃል፤ ሻንጣውን ሸክፋ ይዛው ትሄዳለች። እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ለማን ሊያወራ ነው?

ገበያው ታዲያ መላ ዘየደለት። ማንም ተሰብስቦ አልመከረም። ወንድሜ እንግዶቹን አስከትሎ ሲመጣ ዳቦ ሻጩ «ትኩስ ዳቦ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ መመዘኛ ቤቱ በስተግራው መሆኑን ያውቃል። ቢላ የሚስለው ሰውዬ መሳያውን ያንጫርራል፤ ወንድሜ ወጣ ገባውን ድንጋይ ቀስ ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ ሳልታመም እስላለሁ፤ ደረጃው እዚህ ጋ ነው ማለቴ ነው። እንግዶቹ ይህን ሁሉ ሰምተው «እንዴት ያለ ሞቅ ያለ ገበያ ነው» እያሉ ይደነቃሉ።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ፎቶ ነው። ልጁ አዲስ ያሠራችውን ወጥ ቤት ፎቶ አንስታ በስልክ ላከችለት። እሱ የልጅ ልጁ ፎቶ መስሎት ደወለና «አየሁት እኮ፤ እንዴት አድጓል እባክሽ! ቁርጥ አንቺን!» አላት። እሷም ደህና ዋል ብላው ስልኩን ዘጋች። በሳምንቱ ለማንም ሳትናገር መጣች።

ያን ቀን ወንድሜ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ እየመራ እኔ ጋ ደረሰ። ከጎብኚዎቹ መሀል ልጁን ሳያት ክው አልኩ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። በድንጋጤ ማሳሉንም ረሳሁት። ወንድሜ የመጀመሪያውን ደረጃ ስቶ ተንገዳገደ፤ ሮጣ ክንዱን የያዘችው እሷ ናት።

«እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ» አላት። «እርስዎም ይጠንቀቁ፤ ደረጃው ያዳልጣል።»

የገዛ ልጁን አንቱ አላት። እሷ አፏን በእጇ ያዘች።

ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ወንድሜ እንደ ልማዱ ጀመረ። ወንዙ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ኮረብታ ጠዋት ጠዋት ጉም እንደሚለብስ፣ የድሮ ነጋዴዎች ጭነታቸውን በየት በኩል ያመጡ እንደነበር እጁን እየዘረጋ ተናገረ። እንግዶቹም እጁን እየተከተሉ አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ አመስግነውት ወረዱ። እሷ ብቻ ከአጠገቡ ቀረች።

«እርስዎ አይወርዱም?» አላት።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ወንድሜ የቅጥሩን ጠርዝ በእጁ ፈልጎ ያዘ። «ከየት ጀምሮ ነው አብረሽን ያለሽው?»

«ከአውቶቡሱ ጀምሮ።»

«እሺ፣ ምን ተሳሳትኩ?» አለ፤ ለክርክር የተዘጋጀ ይመስላል።

«ምንም። ሁሉንም በየቦታው ነው ያሳየኸን። እኔን ብቻ ነው ያላወቅከኝ።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን ምን ብዬ ልቆጣት? ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን፣ ከዚያም ራሷን ዳበሰ። ጣቶቹ ማጅራቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ፀጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«አምና ስመጣም እንዲህ ነበር አባባ።»

አምና ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ ቤት ከርማ ነው የሄደችው። ወንድሜ አጭሩን ፀጉሯን ደግሞ ዳበሰው።

«እንግዲያው ነገ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አላት በመጨረሻ። «ካየሁሽ በኋላ ግን እዚሁ ትመልሺኛለሽ።»

እሷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችለት። እሱ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ መልሷን ይጠብቃል።

«እሺ ብላሃለች ጋሼ» አልኩት።