ለቀፎ የታጨው ሞኒተር

አባቴ ንብ አይፈራም፣ ከፍታም አይፈራም። ከሸዋ ቤንች ወዲያ ባለው ጫካ፣ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ዛፍ ላይ ገመዱን ጥሎ ይወጣል፤ ቀፎውን ሰቅሎ እያፏጨ ይወርዳል። ስለዚህ በቤታችን የመፍራት ሥራ የእናቴና የእኔ ነው። ሞኒተሩ ቤታችን የገባ ቀን እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች የእሷንም ድርሻ እኔው ፈራሁላት።

እናቴ ሚዛን ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲገቡ አሮጌዎቹ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ተቆልለው ቀሩ። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል። እሷ ግን አደጋ እንዳላቸው ከባለሙያ ስለሰማች በላስቲክ ሸፈነቻቸው። መኪና መጥቶ በአግባቡ ወደሚፈታቱበት ቦታ እስኪወስዳቸው ማንም እንዳይነካቸው ብላ ጥበቃውን አስጠነቀቀችው። ጥበቃውም ማንንም አላስነካም፤ አባቴን ግን እንደ "ማንም" አልቆጠረውም። "ለመጣል አይደል? ውሰደው" ብሎ አንዱን ሞኒተር አሸከመው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አባቴ ጓሮ፣ ቡናው ሥር ጆንያ አንጥፎ ሞኒተሩን በግንባሩ ደፍቶታል። የድሮው ዓይነት ነው፣ ከኋላ ሆዱ የቆዘረው። የኋላ ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈትቶ ከጎኑ አስቀምጦታል። እጁ ላይ ገጀራ አለ።

"ነይ ነይ! ይኼ ሽፋን ምን ይመስልሻል?" አለኝ ፊቱ በርቶ።

"የሞኒተር ሽፋን።"

"ቀፎ ነው እንጂ! ዝናብ አያበሰብሰው፣ ምስጥ አይበላው። መግቢያውንም በስተው ነው የሠሩልኝ።" ሙቀት እንዲወጣባቸው የተተዉትን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳበሳቸው። "የፊት ክፈፉንም እፈልገዋለሁ፤ ይኼን ጠርሙስ ሰብሬ ላውጣና ፊቱን በጣውላ እዘጋዋለሁ።"

ልስቅ ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን አየሁት። ትልቅ፣ ግራጫ፣ ቀጭን አንገት ያለው፤ ጎኑ ላይ ቀይ የጎማ ቆብ ተለጥፎበታል። የአይሲቲ መምህራችን አንድ ቀን ነግሮን ነበር። ውስጡ አየር የለውም፣ ሲመታ ይፈነዳል፣ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ከተነቀለ በኋላም በዚያ ቆብ ሥር ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሊቀርበት ይችላል። መስታወቱ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለው። ያኔ ክፍሉ በሙሉ "ይኼማ የአያቶቻችን ነው" ብሎ ሲስቅ እኔም ስቄያለሁ።

ገጀራው ተነሳ።

"አባዬ!"

ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። አባቴ ዘሎ ተነሳና እግሬ ሥር ማየት ጀመረ። "የታለ? እባቡ የታለ?"

"እባብ አይደለም! አትምታው! ይፈነዳል፣ ኤሌክትሪክም አለው!"

ሲናደድ ወደ አፍ መፍቻው ቤንችኛ ይዞራል፤ ትንሽ ዞረና ወደ አማርኛ ተመለሰ። "የምን ኤሌክትሪክ? ይኼ ሲነቀል እኮ አንቺ ገና ፊደል አልቆጠርሽም ነበር!"

"መምህራችን ነግሮናል።"

"መምህራችሁ ቀፎ ሰቅሎ ያውቃል?"

ተመልሶ ቁጢጥ አለ። የማየው ጠርሙሱን አልነበረም፤ ዓይኑ ጠፍቶ እየመሩ ወደ ቤት የሚያስገቡትን፣ ያን ዛፍ የሚወጣ አባቴን ነበር። እጁን እንዳልይዘው ጉልበቱ አይቻልም። የእኔ ትምህርት እንዳልጠቀመኝ ሲገባኝ ከራሱ ትምህርት ተበደርኩ።

"አባዬ፣ ጫካ ውስጥ ድምፅ የማይሰማበት አሮጌ ቀፎ ብታገኝ እጅህን ዘው ታደርጋለህ?"

"እብድ ነኝ?"

"ለምን? ድምፅ የለውማ።"

"ድምፅ ስለሌለው ባዶ ነው ማን አለሽ? ሊሆን ይችላል እኮ ውስጡ..." አለና አቆመ። ጠርሙሱን፣ ቀጥሎ እኔን፣ እንደገና ጠርሙሱን አየ። ገጀራውን ቀስ ብሎ ከኋላው አስቀመጠው።

ያኔ እፎይ ያልኩ መሰለኝ። ሽፋኑን ሊመልስ ሲያነሳ ግን አንድ ብሎን ተንከባሎ ቀዩ ቆብ አጠገብ ገባ። ጣቱ እንደ ልማዱ ተከተለው። በሁለት እጄ የእጁን አንጓ ጨምድጄ ያዝኩት።

"ይቅር! ብሎኑ ይቅር!"

በሰባት ዓመቴ እንኳ እንዲያ አልተጣበቅኩበትም። ብሎኑን ተወው። ሽፋኑን ገጥመን በገመድ አሰርነው፤ ልንመልሰው እንደሆነ ለእናቴ ደውዬ ባጃጅ ጠራን።

መንገዱ የምታውቁት ነው። በየጉድጓዱ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አባቴ ሞኒተሩን ጭኑ ላይ አቅፎ ትንፋሹን ይውጣል።

"ፋዘር፣ ቲቪ ነው? አይሸጥም?" አለ ባለባጃጁ።

"አይሸጥም። ቀስ ብለህ ንዳ።"

"እንቁላል ነው እንዴ?"

"አንተ ብቻ ንዳ፣ ልጄ።"

እናቴ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጥበቃው አጠገቧ ጫማውን ያጠናል። አባቴ መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚል ሲያሰላስል መጥቶ፣ ሲደርስ የወጣው "መልሼዋለሁ" ብቻ ሆነ። እሷ ገመዱን፣ የተላቀቀውን ሽፋን አየች።

"ከፍተኸዋል?"

"ትንሽ።"

ጩኸቷን ስጠብቅ ሞኒተሩን ለጥበቃው አስይዛ የአባቴን ቀኝ እጅ ወሰደች። ገለበጠችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ከዚያ ግራውን። አገጩን ቀና አድርጋ ዓይኖቹን በየተራ መረመረቻቸው።

"ታየኛለህ?"

"አይሻለሁ" አላት።